እስክሪብቶ ያዦች

የሺዓለም የላብራቶሪ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ናት። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ የምህንድስና ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ትከሻ በማትሰፋ መስኮት በኩል ፒንሳና ካቻቢቴ ስትሰጥና ስትቀበል ሃያ አራት ዓመት ሞላት። ተማሪው «እትዬ የሺ» ነው የሚላት። ቴስተር እምቢ ሲል፣ ሞተር ሲያጓራ፣ «እትዬ የሺን ጠይቁ» ይባላል። እሷም ከመነጽሯ በላይ ቀና ብላ ታይና «መመሪያውን አንብባችኋል?» ትላለች። አላነበቡም። መቼ አንብበው ያውቃሉ! አንብበው ሲመለሱ ነገሩ ይሠራላቸዋል፣ የሺዓለምም አዋቂ ትባላለች።

ስለ ዕቃው ከሆነ በእርግጥም አዋቂ ናት፤ ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ የትኛው ብሎን የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አትስትም። ግን ማንም የማያውቅባት አንድ ጉድ አላት። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀች ሴት ሆና፣ በዕድሜዋ የአንድ ሞተር ሽቦ እንኳ በገዛ እጇ አገናኝታ አታውቅም።

ጣጣውን ያመጣው የእጅ ጽሑፏ ነው። ውቤ በረሃ ስታድግ የእድሩን ደብዳቤ፣ የጎረቤቱን የቀበሌ ማመልከቻ የምትጽፈው እሷ ነበረች። አባቷ አቶ ሉልሰገድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሱሪ ሊለካ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ አቁመው ደብተሯን እየገለጡ «እስቲ ይቺን እያት፣ ማተሚያ ቤት አይመስልም?» ይሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከስልሳ ተማሪ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን ወንዶቹ ሞተሩን ከበቡትና አንዱ ዘወር ብሎ «የሺ፣ ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው፣ ሪፖርቱን አንቺ ያዢ» አላት። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፣ ማክበሩ ነው። እሷም ደስ ብሏት ጻፈች፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጻፈች። ስትመረቅ ሪፖርት በመጻፍ የሚያህላት አልነበረም። ለፋብሪካ ሥራ ተፈትና «በይ ይህን አገናኚ» ስትባል ግን እጇ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። የዕቃ ክፍሉ ማስታወቂያ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ይህን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ግን በየዓመቱ ራሷን ታያለች። ዕቃ ሊወስዱ የሚመጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ወረቀት ያሰምራሉ። መምህሩ ሰመረ ደግ ልጅ ነው። ዘንድሮ ከአርባ ተማሪ አምስቱ ሴቶች መሆናቸውን ሲያይ፣ አድልዎ እንዳይሆን ብሎ አንዳንድ እያደረገ በአምስት ቡድን በተናቸው። ሴት ያልደረሳቸው ሦስት ቡድኖች ወዲያው አቤት አሉ፤ «መምህር፣ እኛ እኮ ጸሐፊ የለንም!»

ማክሰኞ ዕለት ጸሎት መጣች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ በሂሳብ ሰቃይ የምትባል፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። በመስኮቱ የክሊራንስ ወረቀት አሾለከች።

«ወዴት ነው?» አለቻት የሺዓለም።

«ወደ አካውንቲንግ ልቀይር ነው፣ እትዬ የሺ። ያልመለስኩት ዕቃ እንደሌለ ይፈርሙልኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም። ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም መሰለኝ። የተግባር ፈተና ሲመጣ እጄ ይተሳሰርብኛል።»

የሺዓለም የውሰት መዝገቡን ሳበችና ከመጀመሪያው ጀምራ ገጽ በገጽ ገለጠች። የጸሎት ስም የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንድ ካቻቢቴ እንኳ ፈርማ አልወሰደችም። ያልመለሰችው የለምና ሊፈረምላት ይገባል። የሺዓለም ግን መዝገቡን ከደነችው። «ማህተሙ ተቆልፎበታል፤ ሐሙስ ከላብራቶሪ በኋላ ነይ» ብላ ዋሸቻት። ማህተሙ ክርኗ ሥር ነበር።

ከዚያ ወጥታ ሰመረን ፈለገችው። ማዶ ካለው ቡና ቤት ባንኮኒውን ተደግፎ ማኪያቶውን ሲጠጣ አገኘችው።

«ሐሙስ አምስቱን ሴቶች አንድ ቡድን አርግልኝ።»

«እትዬ የሺ፣ አገለላቸው እባላለሁ እኮ።»

«ብትባልስ? አንድ ቀን ነው።»

«ባይሠራላቸውስ? ክፍሉ በሙሉ ሊስቅባቸው ነው።»

«በእኔ አመካኝ» አለችና ሳትጠጣ ወጣች።

ሐሙስ ደረሰ። አምስቱ ልጆች ሞተሩን ከበው ተቀመጡ። የሺዓለም በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አምስቱም ቦርሳቸውን ከፈቱ። አምስቱም እስክሪብቶ አወጡ። ዊንታ የምትባለውማ ማስመሪያም ጨምራለች። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። መሃላቸው ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ካቻቢቴው ተዘርግቷል፤ የሚነካው ግን ጠፋ። የሺዓለም ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት።

«እሺ፣ ማን ይጻፍ?» አለች ዊንታ።

«ማን ያገናኝ ብንል አይሻልም?» አለች ጸሎት፤ ሌላ ሰው ስላልተነሳ ካቻቢቴውን ራሷ አነሳችው።

እየተከራከሩ አገናኙት። ማብሪያውን ሲጫኑት ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ፤ ክፍሉ በሙሉ መብራት ጠፋበት። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ኧረ እናንተ ሪፖርታችሁን ጻፉ፣ እኛንም አታጨልሙን!» ሲል ሳቁ ቤቱን ሞላው። ጸሎት ፊቷ እንደቀላ ወደ መስኮቱ መጣች።

«እትዬ የሺ፣ ይምጡና ያሳዩን። መቼም እርስዎ ሁሉን ያውቃሉ።»

«መመሪያውን አንብባችኋል?» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ያኖራት መልስ ነው፤ ዛሬም ያወጣት ነበር። ልጅቷ ግን ዓይኗ እንባ አቅሯል። አሁን ካልሆነ ነገ ወረቀቷን ይዛ እንደምትሄድ የሺዓለም አወቀች።

«አላውቅም» አለች።

«ምን አሉ?»

«እንዴት እንደሚገናኝ አላውቅም፣ ልጄ። እኔም እንዳንቺ ስጽፍ ኖሬ ነው የተመረቅሁት። ማንም አልከለከለኝም፤ እኔም ስጡኝ አላልኩም። ማክሰኞ ማህተሙ እዚሁ ነበር፣ ልፈርምልሽ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ከፈለግሽ አሁን እፈርማለሁ።»

ዕቃ ሊወስዱ ከኋላ የተሰለፉት ወንዶች ሁሉ ሰሙ። ሳቁ ቆመ። የሺዓለም በሃፍረት አንገቷ ድረስ ጋለች፤ ደግሞም ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር የወረደላት መሰላት።

ጸሎት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ፊርማ አልፈልግም፣ እትዬ የሺ» አለች። «ቴስተር ይስጡኝ።»

ተመልሳ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ዊንታ ማስመሪያዋን ጥላ የስልኳን መብራት ያዘችላት። አንደኛው ሽቦ ተልጦ የሞተሩን አካል ነክቶ ኖሯል። ሸፈኑት፣ ብሬከሩን መለሱት፣ እንደገና ተጫኑት። ሞተሩ አጉረመረመና ዞረ። አምስቱም አንድ ላይ ጮኹ። ሰመረ እየሮጠ መጣ፤ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«ጎበዞች! ግን ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን አቀያይሯቸው። ሪፖርቱስ የት አለ?»

ወረቀቱ ላይ ከስማቸው በቀር አንዲት ፊደል አልነበረችም።

ጸሎት ኃይሉን አጥፍታ በቴስተር ሁለቴ አረጋገጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «እትዬ የሺ፣ ይውጡ እስቲ።»

«ለምን?»

«የቀረውን የሚያገናኙት እርስዎ ነዎት።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!» አለች የሺዓለም፤ ግን ተነስታ ነበር። በበሩ ዞራ መጣች። ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ ጸሎትም ካቻቢቴውን መዳፏ ላይ አኖረችላትና የትኛውን መፍታት እንዳለባት በጣቷ አሳየቻት። የሺዓለም ሁለቱን መስመሮች ፈትታ አቀያየረች። ብሎኑ አመለጣትና ወለሉ ላይ ወደቀ። ጸሎት አንስታ ሰጠቻት። እንደገና ወደቀ። አሁንም አንስታ ሰጠቻት። ሰዓቱ አልፏል፤ ሰመረ ሰዓቱን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጊዜያችሁን በላሁባችሁ» አለች የሺዓለም ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «እንኪ፣ አንቺ ጨርሺው።»

ጸሎት ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ማን ቸኮለ?» አለች።

የሺዓለም መነጽሯን አስተካከለችና ጎንበስ ብላ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው።