ሐዲዱ አልተነቀለም ነበር

ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ባሌ ግማሹን ያውቅ ነበር፤ እሱም ያወቀውን ይዞ ሞተ። ለቄሶቻችን አልተናዘዝኩም። በስርየቱ ጾም ቀን ከሰው መሃል ቆሜ በሆዴ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስጠራ ይኼኛውን እዘለው ነበር። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለለሰለሰ አይደለም፤ አልለሰለሰም። የምጽፈው የልጅ ልጄ ሺራ ውሸቴን በፎቶግራፍ አስጊጣ ትምህርት ቤት ልታቀርበው ስለሆነ ነው።

እዚህ አገር ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው የቤተሰባቸውን ታሪክ ጠይቀው ይጽፋሉ፤ «ሾራሺም» ይሉታል፣ በዕብራይስጥ ሥር ማለት ነው። ሺራ የመረጠችው ባቡሩን ነው፤ ከአስመራ ወደ ምጽዋ በተራራው ወገብ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን፣ በጦርነቱ ጊዜ ተትቶ የቀረውን። እናቷ አበባ የተወለደችው እዚያ ሐዲድ ዳር ነውና። ባለፈው ሳምንት ሄርዝል ጎዳና ወርዳ ፎቶግራፎቹን አሳትማ መጣች። ዋሻዎቹን፣ የድንጋይ ድልድዮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸውና፣ አያቴ ለማለት እንደለመደችው «ሳቭታ» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሳቭታ፣ ወታደሮቹ ሐዲዱን የነቀሉት እማ ከመወለዷ በፊት ነው፣ አይደል? ለዚያ ነው አያቴ ተዋበች ሐኪም ቤት ሳትደርስ የሞተችው?»

«አዎ» አልኳት።

«ቤሰደር» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ጻፈችም።

ያን «አዎ» ስል አፌ አልተደናቀፈም። ለምን ይደናቀፋል? ብዙ ዓመት የለመደው ቃል ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ሐዲዱ አልተነቀለም ነበር።

ባሌ አለሙ ቀጥቃጭ ነበር። ከጎንደር አስመራ ያደረሰን የእጁ ሥራ ነው፤ ለባቡሩ ብረት እያበጀ ኖረ። በኋላ ከጊንዳ በላይ ተራራው ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላኩት። እናቱና እኅቱ ተዋበችም አብረውን መጡ። የተዋበች ባል ለጦርነት ተወስዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ጦርነቱ ሲጠና ባቡሩ ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሄደ፤ እኛ መሄጃ አጥተን ቀረን። ቁልቋል በሐዲዱ መሃል በቀለ፤ ዋሻው የፍየል ማደሪያ ሆነ። አለሙ ከወዳደቁት የባቡር መንኮራኩሮችና ሳንቃዎች በሐዲዱ ላይ የሚሄድ አንድ ጋሪ ሠራ። ሞተር የለውም። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ከተለቀቀ በራሱ ይወርዳል፤ ሰው የሚያስፈልገው ፍሬኑን ለመያዝ ብቻ ነው። ፍሬኑ ከመንኮራኩሩ ጋር የሚፋተግ ወፍራም እንጨት ነበር። ኩርባው ላይ ቶሎ ከጫኑት ጋሪው ይዘላል፤ ዘግይተው ከጫኑት ገደል ይገባል። ያን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አለሙና እኔ። በገበያ ቀን ጊንዳ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ጊንዳ ሐኪም ቤት ነበር።

እኔ አልወልድም ነበር። ተዋበች ባሏ በሄደ በጥቂት ወር ሆዷ ገፋ። እሷ ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ ሰው ማሳቅ ትወድ ነበር። አንድ ቀን ሁላችንም ምሳ ላይ ሳለን፣ «ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የወንድሜም ሚስት ቆማለች፤ ኧረ ከሰል ጨምሩላት!» አለች። አማቴ ሳቁ። አለሙም ሳቀ። እሱ የሳቀውን አልረሳሁም፤ መቃብሩ ላይ አፈር ሲጣልም አልረሳሁትም።

አማቴ ደግሞ የኦሪት ሕግ አጥባቂ ነበሩ። አንድ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ እንስራዬን ተሸክሜ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። በር ላይ ጠብቀው፣ «ሰንበትን የምትሽሪ አንቺ ማን ነሽ? ማህፀንሽን የዘጋው ይኸው ነው!» አሉኝና ውሃውን አስደፉኝ። እስከ ማግስቱ ማታ ተጠምቼ ዋልኩ። እኔም ያን ቃል አስቀመጥኩት።

ወላድ ሴት በእኛ ዘንድ ከቤት ተለይታ ትቀመጣለች። እዚያ የአራስ ጎጆ ስላልነበረን ከሐዲዱ ማዶ የነበረውን የሐዲድ ጠባቂ ባዶ ቤት አደረግነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርንበት። ከድንጋዩ ያለፈ ሰው ይረክሳል። የተዋበች ምጥ የጀመረው ዓርብ ሰንበት ከገባ በኋላ ነው። አለሙ አስመራ ሄዶ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር። ሌሊቱን ጮኸች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድምጿ ተለወጠ። እኔ ሴት ነኝና የድምፁን ልዩነት አውቀዋለሁ። አውቄዋለሁ።

አማቴ ከድንጋዩ ማዶ እየተንገዳገዱ መጡ። «ጋሪውን አውጪው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ልጄን ጊንዳ አድርሻት» አሉኝ።

እኔ፣ «እሜቴ፣ ሰንበት ነው። ሰንበትን የምሽር እኔ ማን ነኝ?» አልኳቸው።

የራሳቸውን ቃል ነበር የመለስኩላቸው። ቃላቸውን ሲያውቁት ፊታቸው ተለወጠ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያንን ፊት አየሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ተዋበች እየጮኸች እኔ ደስ አለኝ። ይህን ነው ለማንም ያልነገርኩት።

እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው? አይደለም። ከዚያ በፊት በአንድ ሰንበት ሆዴን ቆርጦኝ ተደብቄ እሳት አንድጄ ውሃ አሙቄአለሁ። ለሆዴ ቁርጠት የሻርኩትን ሰንበት ለሰው ነፍስ አከበርኩት። በሕግ ተሸፈንኩ እንጂ ሕግ አልጠበቅኩም።

አማቴ ጋሪውን በእጃቸው ሊገፉት ሞከሩ። ፍሬን መያዝ አያውቁም፤ ኩርባው ጋ እንደሚሞቱ ገብቷቸው ተመልሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ የቤቴን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጋሪው ፊት ለፊቴ ነበር። ሐዲዱ በፀሐይ ያብረቀርቅ ነበር። ቆምኩ፤ ቆሜ ዋልኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሕፃን አለቀሰ። ተዋበች ግን ዝም አለች። ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲሸኝ ድንጋዩን ተሻግሬ ገባሁ። ቤቱ ደም ነበር። ድንጋዩን የተሻገርኩት ሕፃኗን ለማንሳት ነው። ለእናቷ አልተሻገርኩም።

አለሙ ሲመለስ አማቴ፣ «ሰንበት ያዘን» ብቻ አሉት። ለምን እንዳልከሰሱኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ቃሉ የራሳቸው ስለነበረ ነው። ጎንደር ተመልሰን እስኪሞቱ ድረስ ከእጄ ውሃ አልጠጡም። ሕፃኗን በፍየል ወተት አሳደግኳት፤ አበባ አልኳት። ወታደሮቹ ሐዲዱን ነቅለው ለምሽግ ጣሪያ የወሰዱት አበባ መዳህ ስትጀምር ነው። በደጃችን እየነቀሉ ሲያልፉ በጉልበቷ እየዳኸች ታያቸው ነበር።

እዚህ አገር ከገባን በኋላ አበባን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። አንድ ቀን ስትመጣ፣ «እማ፣ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል ብለው አስተማሩን። ታዲያ እናቴን ለምን አላደረሳችኋትም?» አለችኝ። ሰንበት የሚለው ምክንያቴ ከእጄ ተወሰደብኝ። ወዲያው፣ «ሐዲዱም ተነቅሎ ነበር፣ ልጄ» አልኳት። አለሙ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ሐዲዱ መቼ እንደተነቀለ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? እጆቹን እያየ ዝም አለ። የእሱንም ዝምታ እቀየመዋለሁ፤ ያን ጊዜ «ውሸት ነው» ቢለኝ ኖሮ እላለሁ። ግን ውሸቱ የእኔ ነው፤ ለእሱ አላካፍለውም።

እዚህ ርሖቦት ከተማ ያሉ ሴቶች በሰርግም በለቅሶም፣ «የባሏን እኅት ልጅ እንደ ራሷ ያሳደገች» እያሉ ያሞግሱኛል። ልጅ ያገኘሁት እንዴት እንደሆነ ቢያውቁስ? እናቷ ብትተርፍ ኖሮ እኔን እማ የሚለኝ ማን ነበር? ያን ቀን ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ይህ በሐሳቤ አልፎ እንደሆነ ራሴን ጠይቄአለሁ። አላለፈም ብዬ መማል አልችልም።

ሺራ የመጨረሻውን ፎቶግራፍ ስታሳየኝ፣ ሽማግሌ ሠራተኞች ሐዲዱን ከየምሽጉ አውጥተው መልሰው አጋድመውታል አለችኝ። ባቡሩ በዋሻው እየጨሰ ሲወጣ ይታያል። «አይተሽ ሳቭታ? ሁሉንም መለሱት!» አለች። እኔ የምመልሰው ሰው የለኝም። ያለኝ እውነተኛው ቃል ብቻ ነው።

ይቅርታ አልለምንም። ተዋበች የለችም፤ ሌላው ሰው ደግሞ ያልተበደለውን ይቅር ሊል አይችልም። ሰደበችኝ፣ ሳቁብኝ፣ ውሃ አስደፉኝ ብዬ የጻፍኩትም ምክንያት አይሁነኝ። ተዋበችን ዛሬም አልወዳትም። የማልወዳትን ሰው ገደልኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሐዲዱ ነበረ። ጋሪው ነበረ። ፍሬኑን መያዝ የማውቅ እኔ ነበርኩ።

አበባ ነገ «ቢሉ ሴንተር» በሚባለው የገበያ ማዕከል ካለው ሥራዋ ስትወጣ ብቻዋን እንድትመጣ ነግሬአታለሁ። ሺራ ሥራዋን የምታቀርበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለማስተካከል ጊዜ አላት። ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን አውቀዋለሁ። በሩን ከፍቼ እጠብቃታለሁ፤ ቁጭ በይ አልላትም፤ የሚበላም አላቀርብም። ቆማ ሳለች እነግራታለሁ፤ እማ ብላ ከመጥራቷ በፊት።