የጋሽ ቆይ አያያዝ

ጋሽ ቆይ ስሙ አይደለም። ቴኒስ ሲያስተምር፣ ተማሪው ሰርቭ የምትባለውን የመክፈቻ ምት ሊቀበል ገና ጎንበስ ሲል «ቆይ! ቆይ! እጅህን አሳየኝ!» ብሎ ስለሚያንባርቅ ክለቡ ያወጣለት ነው። እኔ ፎጣ ከማድልበት መስኮት ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያላየሁትን ደግሞ እህቱ ነግራኛለች፤ እሷ እንደሆነች ሆዷ ወሬ አይቋጥርም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምር ጭቅጭቁ አንድ ነው፦ ሰርቭ ስትጠብቅ ራኬቱን እንዴት ትይዛለህ? የሌላው ክለብ አሰልጣኝ ሁሉ «በፎርሃንድ፣ በደህናው ጎንህ ያዝ፤ ወደ ባክሃንድ፣ ወደ ደካማው ጎንህ፣ ከመጣብህ ታዞረዋለህ» ይላል። ጋሽ ቆይ ይህን ሲሰማ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል።

«መቼ ነው የምታዞረው? ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች? በባክሃንድ ያዝ እንጂ! መዳፍህ እጀታው ላይ ይጋለብ፣ ግራ እጅህ የራኬቱን አንገት ይደግፍ። ሰው የሚመታህ ወደሚያምህ ነው። የሚያምህን አስቀድመህ ሸፍን!»

እሱማ ጃንጥላም መጥረጊያም እንደዚያው ነው የሚይዘው። እህቱ የክለቡ ልብስ አጣቢ ናት፤ «ወንድሜ ማንኪያ ሲይዝ እንኳ ከሳህኑ ሰርቭ የሚመጣበት ይመስለዋል» ትላለች።

የእሷ ባል እብስ ሲል ሴት ልጇ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጋሽ ቆይ ሚስት ሳያገባ አባት ሆነ። አሮጌ ራኬት እጀታውን በመጋዝ አሳጥሮ ሰጣት። አያያዙን አስተማራት፤ ከዚያ ለማንም ያልነገረውን አንድ ነገር ጨመረላት። «ሰርቭ ከማድረግሽ በፊት የተቀባዩን እጅ እዪ። ፊት ይዋሻል፤ እጅ ግን እውነቱን ያወጣል። በባክሃንድ ከያዘ ወደ ፎርሃንዱ ላኪለት፣ በፎርሃንድ ከያዘ ወደ ባክሃንዱ።»

ልጅት አደገች፣ ኮርስ ወሰደች፣ የአሰልጣኝነት ወረቀት ይዛ መጣች፤ እዚያው ክለብ ከአጎቷ ጋር ተቀጠረች። ጋሽ ቆይ ወረቀት ምን እንደሚመስል ያየው የእሷን ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ነው።

አንድ ዓመት ሳይሞላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሲያወራ ትኩስ ድንች የጎረሰ ነው የሚመስለው። «እንግዲህ... ክለባችን... ሁለት አሰልጣኝ አይሸከምም። አንዷ... ወረቀት አላት፣ አንዱ... ልምድ አለው። ይጫወቱ! ቀድሞ አስር ነጥብ የሞላ ይቀራል። ስፖርት ነዋ!» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ጋሽ ቆይ ልጅቷን መረቡ አጠገብ አገኛት። «እምቢ አትዪም?» አላት።

«አንተስ አጎቴ?»

ከዚያ እሷ ኳሶቹን ሰበሰበች፣ እሱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ። እህቱ እዚያ ትጠብቀዋለች።

«ለዚያ ለቦርጫሙ አባል በየሳምንቱ ስትሸነፍለት አይደል የኖርከው? ለእህትህ ልጅ አንዴ ብትሸነፍ ትሞታለህ?»

«ለሱ የምሸነፈው ሥራዬ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን ብሸነፍ የማጣው ሥራዬን ነው።»

«እሷ ገና ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ተመልከት!»

«እኔ ሃምሳ ስምንቴ ነው። የኔን ዕድሜ ማን ይመልከትልኝ? ማን ይቀጥረኛል?»

እህቱ እርጥቡን አንሶላ የሰው አንገት ይመስል ጠመዘዘችው።

በግጥሚያው ቀን አባላቱ ወንበር ይዘው ወጡ። ጋሽ ቆይ ያለውን ሁሉ ሰጠ፤ ነገሩ ተንኮል እንጂ ጉልበት አልነበረም። ኳሷን ከመረቡ ጀርባ ጠብ ያደርግባታል፣ እሷ ትሮጣለች፣ አባላቱ ያሽካካሉ። ግን ተራዋ ደርሶ ሰርቭ ስታደርግ፣ አንድ ነገር አየሁ። ኳሷን ከማጓኗ በፊት ዓይኗ እጁ ላይ ያርፋል። እሱ እንደ ልማዱ በባክሃንድ ይዟል። እሷ ወደ ፎርሃንዱ ትልካለች። በደህናው ጎኑ! እጁ ሳይዞር ኳሷ እልፍ ትላለች።

ዘጠኝ ለስምንት እሷ መራች። ሰርቩም የሷ ነው። ይህችን ካገባች አለቀ።

ጋሽ ቆይ ላቡን በክንዱ ጠረገ። እጁን እያየች እንደምትመታ ገብቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት «በባክሃንድ ያዝ» ሲል የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፉን ከእጀታው ላይ ወደ ጎን አንሸራቶ በፎርሃንድ ያዘ። ግራ እጁን ደግሞ ፊት አደረገው፤ አያያዙን እንዳታይበት።

እሷ ግን ያንን ግራ እጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከራኬቱ አንገት መልቀቁን አይታ ኳሷን ወደ ባክሃንዱ ላከች። ራኬቱን ሊያዞር ሲታገል ኳሷ የራኬቱን ጠርዝ መታች፣ ወደ ላይ ጓነች፣ እህቱ ያጠበችው ልብስ ቅርጫት ውስጥ ጠልቃ ቀረች። አባላቱ በሳቅ ፈነዱ። እህቱ ለማን እንደምታዝን ጠፍቷት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ልጅቷ እያለቀሰች ወደ መረቡ ሮጠች። እሱም መጣ።

«አይተሽ ነው የመታሽው?» አላት።

«አንተ አይደለህ እዪ ያልከኝ?»

«እኔ ነኝ» አለ። ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። አመል ሆኖባት፣ ከፊቱ በፊት እጁን አየች።

አሁን ጋሽ ቆይ በር ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ውለታ... አንረሳም» ብሎ ዘበኛ አደረገው። ትናንት ፎጣ ላሰጣ ሳልፍ ልጅቷ ሜዳው ላይ «ቆይ! እጅህን አሳየኝ!» ስትል ሰማኋት፤ ቁርጥ የአጎቷን ድምፅ! «በባክሃንድ ያዝ! ሰው የሚመታህ ወደሚያምህ ነው!»

«ሰማህ ጋሼ?» አልኩት። «ያንተኑ ነው'ኮ የምታስተምረው።»

«ግማሹን ነው።»

«ሌላው ግማሽ ምንድነው?»

«የሚያምህን የሚያውቅ ልጅ አሳድገህ እጅ ማየት አታስተምር።»

የቦርጫሙ አባል መኪና ጥሩንባ ነፋ። ጋሽ ቆይ የበሩን እጀታ እንደ ባክሃንዱ መዳፉን ከላይ አጋልቦ ይዞ ከፈተለት።