ሶጊዳ ያልሆነው ጨው

ባለቤቴ ከባቲ ገበያ ጨው እየገዛ ወደ ደጋ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ኩላሊቱ ታሞ ደሴ እጥበት ሲጀምር ሐኪሙ ጨው ከለከለው፤ ሳያጉረመርም ተወ። በኋላ ግን ገላውን ያሳክከው ጀመር። ደሙ ውስጥ ፎስፈረስ በዝቷል፣ በዚሁ ከቀጠለ አጥንቱንም ደም ሥሩንም ይጎዳል ተባለ። የታዘዘለትን መድኃኒት እዚህ ብናጣው ጅዳ ያለችው ልጃችን በሰው ላከችልን።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለተማርኩ የመድኃኒቱን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ላንታነም ካርቦኔት ይላል። ምንድን ነው ቢለኝ፣ ላንታነም የሚባል እምብዛም የማይታወቅ የብረት ዓይነት አለ፣ ይኼ የሱ ጨው ነው አልኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር።

«ጨው ከልክለውኝ ሲያበቁ ከጅዳ ጨው ያስመጡልኛል?» አለና ክኒኑን ገፋ አደረገው።

ሦስት ቀን አልነካውም። ልጃችን በስልክ ብትለምነው ዱዓ አድርጊልኝ ብሎ ዘጋባት። እኔም በኬሚስትሪ ጨው የሚባለው የወጥ ጨው ብቻ እንዳልሆነ ነገርኩት። ተማሪ ሳለን ውሃ ውስጥ በሟሟ የአንድ ብረት ጨው ላይ ሶዳ ጨምረን፣ ነጭ ዝቃጭ ሲወርድ አጥልለን አድርቀናል፤ ይኼም በዚያው መንገድ ሳይሠራ አይቀርም። አዳመጠኝ፤ ሲያበቃ ያው ጨው ነው አለ።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቀረብኩ። በአንዱ ቆንጥሬ የወጥ ጨው፣ በሌላው የወቀጥኩትን ክኒን ጨመርኩ። ጨው ሟሟ። ክኒኑ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ታች ተኛ። በተረፈው ዱቄት ላይ ሎሚ ብጨምቅበት አረፋ አወጣ። ሆድህ ውስጥም እንዲህ ይፈላና የምግቡን ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል አልኩት። እሱ ዝቃጩን በጣቱ ጠቅሶ ቀመሰ። ስንት ዓመት ጨው የቀመሰ ምላስ ነው።

«ይኼማ ሶጊዳ አይደለም» አለኝ።

ሶጊዳ በኦሮምኛ ጨው ነው። ቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ ለሱ ግን ሶጊዳ ማለት ከአፋር በግመል የሚመጣው ብቻ ነው።

«አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትይኝም?»

ክኒኑ የሚታኘክ ነው፤ ጥርስ ስለሌለው እየወቀጥኩ ከምግቡ ጋር እሰጠዋለሁ። በሚቀጥለው ምርመራ ፎስፈረሱ ቀንሶ ተገኘ፤ ማሳከኩም በረድ አለለት። ጎረቤት ምን መድኃኒት ነው ሲለው፣ ሚስቴ ኖራ ታበላኛለች ይላል። እኔም አላርመውም።