መቆለፊያው በእኔ በኩል ነበር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር የሽንኩርት ጆንያ ላይ የባለቤቱን ምልክት ብቻ ነው። ስናገር ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ሰው ሁሉ "ምን አልሽ? ጮክ በይ" ይለኛል፣ ያኔ ጭራሽ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን ጮክ በይ አይልም። ስለዚህ ልሞክር።

ባሌ ፒክአፕ ነበረው። ከዓለም ጤና እርሻዎች ሽንኩርት እየጫነ አዳማ አትክልት ተራ ያራግፋል። የሚማታ ሰው ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ሌላው ሰው እንደሚያዛጋው ወይም እንደሚያስነጥሰው እሱ ይማታል። በር ይመታል፣ መሪ ይመታል። አህያ መንገድ ከዘጋበት ወርዶ አህያውን ትቶ ባለጋሪውን ይመታል። በዚህ የተነሳ ረዳት አይበረክትለትም ነበር። አንዱ ጥርሱ ወልቆ ሄደ። ሌላው ሞጆ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወርዶ በዚያው ቀረ።

"ከእንግዲህ ወንድ አልቀጥርም" አለኝ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ። "ረዳቴ አንቺ ነሽ። እየበሉ ቤት መጎለት ቀረ።"

የረዳት ዋና ሥራው ታኮ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወይም ጭቃ ሲይዘው ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ መሸጎጥ። ሴት ታኮ ይዛ ስትወርድ ያየ ስለሌለ የእርሻው ጫኞች መሳቂያ ሆንኩ። "እሜቴ ረዳት መጡ! ለእሜቴ ወንበር አምጡ!" ይላሉ። አንድ ረዥም ጫኝ ነበር፣ ሁለት ጆንያ ደራርቦ የሚሸከም፣ እሱ ደግሞ "ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩ እኮ ከአንቺ ይከብዳል! አንቺ ጎማው ሥር ግቢና ድንጋዩ ይግፋ!" ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ቀልዳቸው ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የምፈራው ሲያዩኝ ዝም ያሉ ቀን ነበር፤ ፊቴ አብጧል ማለት ነው።

ያኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ መኪና በሕይወት ወርጄ ዳግመኛ አለመሳፈር። እናቴ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሸሽቼ እሷ ጋ ሄጄ አውቃለሁ። በሄድኩ ቁጥር ፊቴን አጥባ፣ ራት አብልታ፣ በማግስቱ እጄን ይዛ መለሰችኝ። "ቻል አድርጊው ልጄ። አባትሽም እንዲሁ ነበር። ወንድ ሲያረጅ ክንዱ ይደክማል" አለችኝ። እኔ ግን ክንዱ እስኪደክም ድረስ የምቆይ አልመሰለኝም።

ክረምት ሲገባ የእርሻው መንገድ ይበላሻል። ጭነት የያዘ ፒክአፕ አንዱ የኋላ ጎማው ጭቃ ላይ ካረፈ፣ ያ ጎማ ብቻውን እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል፣ ደረቁ ላይ ያለው ዝም ብሎ ይቆማል። ጉልበቱ ሁሉ ወደሚያንሸራትተው ይሄዳል። እኔ ድንጋይና ባዶ ጆንያ ይዤ ከኋላ እንበረከካለሁ። ጭቃው ዓይኔንም አፌንም ይሞላዋል። አንድ ቀን የሸጎጥኩት ድንጋይ ከጎማው ሥር ተስፈንጥሮ ክርኔን መታኝ። እጄን ታቅፌ መሬት ላይ ስቀመጥ ባሌ ወርዶ መጣ። ክርኔን አላየም። ድንጋዩን አነሳና "አጥብቀሽ ብትሸጉጪው ይወጣ ነበር? ይወጣ ነበር ወይ?" እያለ በዚያው ድንጋይ ጀርባዬን መታኝ። ክርኔ ዛሬም እስከ መጨረሻው አይዘረጋም።

መኪናው ለእንዲህ ያለው ጭቃ የሚሆን መሣሪያ ነበረው። የኋላ ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ነው። ሲቆለፍ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ፤ አንዱ ቢያንሸራትተው ሌላው ይገፋል። ችግሩ፣ ፋብሪካው መቆለፊያው እንዲሠራ ያደረገው የፊት ጎማዎቹም ጉልበት ሲያገኙ ብቻ ነው። የእኛ መኪና የፊት ጉልበት ደግሞ ባሌ ሳይገዛው በፊት ሞቷል። ስለዚህ መቆለፊያው እያለ የለም።

አዳማ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋ ወሰደው። መነጽራቸውን በቀጭን ሽቦ ያሰሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ በቀጥታ ስዊች ያስገቡለትና በፈለግኩ ጊዜ ልቆልፈው" አላቸው።

"ይቻላል። ግን ፋብሪካው የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።"

"ፋብሪካው የዓለም ጤናን ጭቃ መቼ አየና!"

ሽማግሌው ሳቁ። "እሱስ አላየም።"

የመቆለፊያው ሽቦዎች የሚገናኙት ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነበር። ኪሱን ነቅለው፣ ፋብሪካው የሠራውን ሽቦ ቆርጠው በሌላ ቀጠሉት። ስዊቹን ለሙከራ እዚያው ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ አንጠለጠሉት፤ ከጎኑ ትንሽ ቀይ መብራት አደረጉለት። ወደ ሾፌሩ በኩል ለማሻገር ገና ዳሽቦርዱ መፈታት ነበረበት። ባሌ መታገሥ አይችልም።

"ተዉት፣ እዚያው ይታሰር። እሷ ትጫነዋለች። ከመቀመጥ ሌላ ምን ሥራ አላት?"

"የሾፌር ነገር በሾፌር እጅ ሲሆን ነው የሚያምረው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ሥራዎን ይጨርሱ።"

ስልኩን አውጥቶ እያወራ ወደ ውጭ ወጣ። መኪናው ከኋላ በሁለት ክሪክ ተነስቶ ነበር፣ ማርሽ አልገባም። "ልጄ፣ ያንን ጎማ በእጅሽ አዙሪው እስቲ" አሉኝ። ወደ ፊት አዞርኩት፤ በወዲያ በኩል ያለው ጎማ ወደ ኋላ ዞረ። ገረመኝ። ከዚያ ስዊቹን ተጫኑት። ከሥር ትንሽ ሞተር ዝዝ አለችና ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እንደገና አዞርኩ። አሁን ከበደኝ፣ ሁለቱም አብረው ወደ ፊት ዞሩ።

"አየሽ? አሁን በአንድ ሰንሰለት እንደታሰሩ ሁለት እስረኞች ናቸው" አሉኝ። "ቀጥ ብለው መሄድ እንጂ መታጠፍ አይሆንላቸውም። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ልቀቂው። ከለቀቅሽውም በኋላ ወዲያው አይላቀቅም፤ ትንሽ ቀጥ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። ዝናብ ከሆነ ደግሞ..." አሉና እጃቸውን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ወረወሩት።

ባሌ ስልክ ላይ ነበር። አልሰማም። ቤት ስንደርስ ልነግረው ጀምሬ ነበር። "ሽማግሌው ያሉት..." ስል "መካኒክ ሆንሽ ደግሞ?" አለኝና ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የሚነገረኝ ሁለት ቃል ሆነ። "ቆልፊ!" እና "ልቀቂ!" መሪው በግራ ስለሆነ ቀኝ እጁ ለፊቴ ቅርብ ነው። ከዘገየሁ በእጁ ጀርባ አፍንጫዬ ላይ ያሳርፍብኛል። ሳያዝ ከቀደምኩ ደግሞ "ማን አዘዘሽ?" ይልና በዚያው እጅ። ሻሼ ሁልጊዜ ደም ነክቶት ነበር። ቢሆንም ሥራውን ለመድኩት። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ ያኔ ጣቴን አዘጋጃለሁ። አስፋልቱ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ እሱ ባያዝም ቀስ ብዬ እለቅቀዋለሁ፣ ቀይዋን መብራት በጉልበቴ ከልዬ።

አንድ ጊዜ ዘገየሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የመታኝ ዓይኔ አብጦ መንገዱን በደንብ አላይም ነበር። አስፋልቱ ላይ ወጥተን ወደ ሞጆ ሲጠመዝዝ መኪናው እምቢ አለ። ጎማዎቹ ጮኹ፣ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ቲማቲም የጫነ ጋሪ ላይ ሄደ። ባለጋሪው ለትንሽ ዳነ፤ ቲማቲሙ ተበተነ። ባሌ መኪናውን አቁሞ ከወንበሩ ሥር አሮጌ ቺንጋ አወጣ፤ ሞተር ላይ የሚጠመጠመውን ጎማ ማለቴ ነው። መንገድ ዳር አስወርዶ እግሬን፣ ወገቤን፣ እጄን ገረፈኝ። ባለጋሪው ሊገላግል ቀረብ ሲል አንድ መንገደኛ "ተው አንተ፣ ባልና ሚስት ናቸው" አለው። ባለጋሪው ቆመ። የተበተነውን ቲማቲም መልቀም ጀመረ።

ከሞጆ ወደ አዳማ ስንሄድ ከሰዓት በኋላ የቃመው ጫት ሲያሞቀው በጣም ፈጥኖ ይነዳል። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንዱ እኔ ላይ ይሆናል። አንድ ቀን ፀጉሬን ይዞ ጭንቅላቴን ከመስኮቱ ጋር ሲያጋጨው ጣቴ ስዊቹ ላይ ነበር። ከፊታችን መታጠፊያ አለ። አሁን ብጫነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱም እኔም ቀጥ ብለን እንሄዳለን። ያን ያህል ቀላል ሆኖ ስለታየኝ ከእሱ ይልቅ ራሴን ፈራሁ። ከወዲያ በኩል ሰው የሞላው ሚኒባስ ብቅ አለ፤ ጋቢና ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋለች። ጣቴን አነሳሁና በጭኔ መሐል ቀበርኩት። መሞት አልፈልግም ነበር። መውረድ ነው የምፈልገው።

የወረድኩበት ቀን ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዓለም ጤና ጭነን ስንጨርስ መኪናውን ከመስኖው ቦይ አጠገብ ጭቃ ይዞታል። ጫኞቹ ከላስቲክ መጠለያ ሥር ቆመው ያያሉ። እኔ ታኮ አድርጌ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ጋቢና ስገባ ረዥሙ ጫኝ እንደ ልማዱ ጮኸ።

"ሹፌር! ይህችን ረዳት ለእኛ ተዋትና አንተ ወንድ ቅጠር! አሳዘነችን እኮ!"

ሁሉም ሳቁ። ባሌ ከጋቢና ወርዶ ከኋላ ጭነቱ ላይ ያለውን አካፋ መዝዞ ወደ እሱ ሄደ። ጫኙ አሁንም እየሳቀ ነበር። አካፋው ጆሮው ላይ ሲያርፍ ሐብሐብ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ያን የሚያህል ሰው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጆሮው ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ አንዱ "ገደለው!" አለ፣ ሁሉም በአንዴ ዱላና ዶማ አነሱ። የእርሻው አስተዳዳሪ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ "ዲሲ! ዲሲ! ተዉ!" እያሉ በመሐል ቢገቡ ማን ይስማቸው። ገፍተው ጣሏቸው።

ባሌ ሮጦ መሪው ላይ ወጣ። ሞተሩ ጮኸ፣ አንዱ ጎማ ብቻውን ተሽከረከረ፣ መኪናው ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

"ቆልፊ!"

የኋላው መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ አንገቴ ላይ ፈሰሰ።

"ቆልፊ አልኩሽ!" ጆሮዬ ላይ በቡጢ መታኝ። ሁለተኛውን ድንጋይ አየሁት። ከድንጋዩ በስተጀርባ የሰዎቹን ፊት አየሁ። ሁልጊዜ ሲቀልዱብኝ የነበሩ ፊቶች ናቸው፣ አሁን ግን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ብቆልፈው እናመልጣለን። እናመልጥና ከዚያ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይህ ወንበር አለ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ጭቃው ላይ በግንባሬ ነው የወደቅኩት። ዱላ ሁሉ በላዬ አልፎ ወደ እሱ ሄደ፣ እኔን የነካኝ የለም።

ቀና ስል ባሌ በኔ ወንበር ላይ ተጋድሞ እጁን ወደ ስዊቹ ሲዘረጋ አየሁት። ራሱ ተጫነው። መኪናው ተናጠ፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ጭቃውን ሲነክሱ ዘለለ። ከኋላ ያሉትን ሰዎች ጭቃ አልብሶ፣ በሩ እንደተከፈተ እየተላተመ ወደ አስፋልቱ ወጣ። "ልቀቀው!" ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያኔ ነው፤ እሱ ግን አልሰማም። እርጥቡ አስፋልት ላይ የፊት ጎማዎቹ ወደ ሞጆ ዞረው አየኋቸው፤ መኪናው ግን አልዞረም። መንገዱን ቀጥ ብሎ አቋረጠና የጎርፍ መውረጃውን የሲሚንቶ ግንብ በአፍንጫው ገጨው። ሽንኩርቱ በጣሪያው ላይ አልፎ ማዶ ፈሰሰ።

ሰዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። አንዱ በተሰበረው መስኮት ዱላውን አስገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ መታው፤ አስተዳዳሪው ከኋላ ጎትተው ጣሉት። ሊገድሉት የመጡት ሰዎች ናቸው በኋላ በሩን በዶማ ፈልቅቀው ያወጡት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች መሆን ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ጋቢናው ውስጥ ቀይዋ መብራት ገና ትበራለች።

አንድ ሚኒባስ ቆመ። ሌላ መኪና ስላልነበረ ረዥሙን ጫኝ ጭንቅላቱን በሸሚዝ አስረው መሐል ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ባሌን ከኋላው አጋደሙት። ሁለቱም አዳማ ድረስ አብረው ሄዱ። ሁለቱም ዳኑ፤ ጫኙ በአንድ ጆሮው አይሰማም፣ ባሌ በምርኩዝ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። አሁን ያለሁት ሌላ ከተማ ነው፣ የምተዳደረው ሰው ቤት እንጀራ እየጋገርኩ ሳይሆን ጎሚስታ ቤት ጎማ እየጠገንኩ ነው።

የዚያን ቀን የሚኒባሱ በር ሊዘጋ ሲል ባሌ አንገቱን ቀና አድርጎ ፈለገኝ። ዝናቡ ውስጥ፣ መንገዱ ዳር ቆሜ ነበር። የተቆጣ አይመስልም ነበር። እንደማንኛውም ጠዋት፣ እንደሚቸኩል ሰው ነበር ድምፁ።

"ነይ ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?" አለኝ።