ከፍዬ የምሸከመው ብረት

ከካዛንቺስ የወጣሁ ማታ ሻንጣዬን እኔ አልነካሁትም። እውነቴን ነው፣ እጄ እንኳን አላረፈበትም። እማዬ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድርቆሹን ከታ ከታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ «ለሚመጣ እንግዳ» ብላ ሌላ ሽሮ ጠቅጥቃበት፣ ዚፑ አልዘጋ ብሎ በገመድ ነው የታሰረው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ መኪና አይገባም። ጎረቤቱ ተረባርቦ፣ አንዱ በእጀታው፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ደግሞ እንዲያው ያገዘ እንዲመስል ከጎን ነካ እያደረገ፣ ታክሲው ዘንድ አደረሱት። «እስቲ እኔም ልያዝ» ብል አንዲት ጎረቤታችን ተቆጡኝ፤ «ሙሽራ ሸክም ትይዛለች እንዴ? ነውር ነው!»

አዎ፣ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ እኛው ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ በርገን የምትባል የኖርዌይ ከተማ ይኖራል። ስልክ ላይ ማር ነበር። ኤርፖርት ተቀበለኝ፣ ሳመኝ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። ያንን ሻንጣ እኔው እየጎተትኩ በዝናብ ዳገቱን ወጣሁት። «እዚህ አገር ሁሉም የራሱን ይሸከማል» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ዝናቡን ደግሞ አታንሱብኝ። ካዛንቺስም ይዘንባል፤ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጠግቦ ዘንቦ፣ መስከረም ሲጠባ በቃ ያባራል። በርገን ዓመቱን ሙሉ ነሐሴ ነው። ያውም በየመንገዱ ዳር በቆሎ ጥብስ የሌለበት ነሐሴ!

ትዳሩ አልሆነም። የሱንም የኔንም ጥፋት እዚህ አልዘረግፈውም፤ ገበና ነው። ተፋታን። ችግሩ የመኖሪያ ፈቃዴ በሱ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኢሚግሬሽን ተጠርቼ አንዲት ሴትዮ ፊት ቀረብኩ።

«ባልሽ ቁርስ ምን ነበር የሚወደው?» አለችኝ።

«እንጃ። በመጨረሻ አብረን አንበላም ነበር።»

«ለምን?»

«ተጣልተን ነዋ።»

«ጋብቻው የእውነት ከነበረ ለምን ተጣላችሁ?»

«እመቤቴ፣ የእውነት ስለነበረ ነዋ! የውሸት ቢሆን በምን እንጣላለን?»

አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው፤ ሳቁን መዋጥ አቅቶት አፉን በእጁ ያዘ። ሴትዮዋ ግን ፍንክች ሳትል ጻፈችው። «ውሳኔ እስኪሰጥ መቆየት ትችያለሽ። እስከዚያ ከአገር ከወጣሽ ግን መመለስ የለም» አለችኝ። በቃ፣ በሩ ክፍት የሆነ እስር ቤት ማለት ነው።

ከፍቺው ወዲህ የምኖረው ጣሪያ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዬ ኦላቭ ይባላሉ፤ ከታች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ መርከብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሰው ናቸው። በነሱ ቋንቋ አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። የኔ አፍ ግን አልታዘዝ ስላለኝ «ጋሽ» ጨመርኩላቸው።

«ጋሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማዕረግ ነው።»

«እንግዲያው ይቀጥል» አሉ።

በማዕረጋቸው ብንስማማም በሙቀጫዬ አልተስማማንም። ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ስጀምር ደረጃውን ወጥተው ያንኳኳሉ። «ግድግዳ እያፈረስሽ ነው?»

«ኧረ ነጭ ሽንኩርት ነው ጋሽ ኦላቭ።»

«ነጭ ሽንኩርቱ ምን በደለሽ?»

ከኢሚግሬሽኗ ሴትዮ በኋላ ግን ሁሉ ነገር አስጠላኝ። ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። የዕረፍት ቀኔንም እተኛለሁ። ምግብ መሥራት ተውኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኦላቭ አንኳኩ። አሁን ደግሞ ምን ሊሉ ነው ብዬ ፊቴን አጥቁሬ ከፈትኩ።

«ሙቀጫሽ ዝም ካለ ሰነበተ» አሉኝ። «ታመሽ ነው?»

«አልታመምኩም።»

«እንግዲያው ጫማሽን አድርጊና ነይ።»

ሽማግሌ ሲያዝ እምቢ አይባልም። ተከተልኳቸው። የወሰዱኝ ድሮ የዓሣ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። ስገባ፣ እናንተዬ፣ ምናለሽ ተራን ነቅለው ያመጡት ነው የመሰለኝ! የከባድ መኪና ጎማ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ፣ በየጥጉ የተቆለለ ብረት። ሐኪሙ፣ አስተማሪዋ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ማን የቀረ አለ፣ ጎማ ይገለብጣል፣ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተሸክሞ ይሮጣል። ክሮስፊት ይሉታል። ማለቴ፣ ክብደት ማንሳቱንም፣ ሩጫውንም፣ ጂምናስቲኩንም ደባልቀው፣ ሰዓት ተይዞባቸው፣ ሁሉም እንደየአቅሙ የሚሠራው ነው።

«ይከፈላቸዋል?» አልኩ።

«ኧረ እኛ ነን የምንከፍለው!» አሉ ጋሽ ኦላቭ።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት፣ «ሰው ከፍሎ ይሸከማል? ወይ ጥጋብ! እዚህ መጥተው ታዲያ የጎረቤቱን ጤፍ ወፍጮ ቤት አያደርሱም?» አለችኝ።

እሱ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ግን መጀመሪያ ያሠሩኝ ቡርፒ የሚሉትን ነው። ከቆምሽበት መሬት ትወድቂያለሽ፣ ደረትሽን ታስነኪያለሽ፣ ተነስተሽ ትዘያለሽ። ይሄማ ስግደት ነው! ስቅለት በመጣ ቁጥር ኡራኤል ግቢ ስሰግድ ያደግሁ ሰው ይሄ ይከብደኛል? ብዬ ጀመርኩ። ግንባሬንም መሬት አስነካሁ። አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ፣ «ግንባር አያስፈልግም፣ ደረት ነው» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።

ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሼ አለቀ። ሌላው ሁሉ ጨረሰ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ይሄኔ ሁሉም መጥቶ ከበበኝና ስሜን እየጠራ ያጨበጭብ ጀመር። እኛ ሰፈር የመጨረሻ የወጣ ሰው ተከቦ ሲጨበጨብለት ሽሙጥ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው። ስግደት ላይ ደግሞ ማንም የማንንም አያይም፤ ሁሉም ወደ ምድር ነው። ደሜ ፈላ። ቀና ብዬ በአማርኛ ለቀቅኩት፤ «ምን ያስገለፍጣችኋል? ሰው ሲወድቅ አይታችሁ አታውቁም?»

ጉልበት ለማግኘት የፎከርኩ መሰላቸው። ጭራሽ ባሰባቸው፣ አዳራሹ እስኪናወጥ ጮኹ። ልብሴን ይዤ ልወጣ ስል ጋሽ ኦላቭ አጠገቤ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። እሳቸው የራሳቸውን ጨርሰው ነበር እኮ! ያን የሚያህል ሽማግሌ ከኔ ጋር እየወደቁ እየተነሱ የቀረኝን አብረውኝ ሠሩ። ስጨርስ ያ ሁሉ ሰው ከነላቡ አቀፈኝ። ከኤርፖርቱ ወዲህ ሰው አቅፎኝ አያውቅም ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አመመሽ?» አሉኝ ጋሽ ኦላቭ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳቸው፤ እውነቴንም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ። ፍቅር ነው የያዘኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ሥራ ቦታ አልጋ እያነጠፍኩ የማታውን ብረት አስባለሁ። መዳፌ ተሰነጣጠቀ፣ ጠነከረ። እንቅልፌ መጣ፣ ምግብ መጣፈጥ ጀመረ። ሙቀጫዬንም ካስቀመጥኩበት አወጣሁት። ጋሽ ኦላቭ ከታች ሆነው፣ «ኧረ ቀስ!» ይላሉ፣ ግን ደረጃውን አይወጡም።

እኔ እንዲህ ስጠነክር እማዬ ተሸነፈች። ሰፈራችን ለልማት ተነሳና እማዬና እህቴ ሰብለ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው። የእማዬ ጉልበት እንደሆነ ድሮም ያብጣል። የገቡ ዕለት ወንበር ላይ አስቀምጠው ሰዎች ተሸክመው አወጧት። ከዚያ ወዲያ ወርዳ አታውቅም። «ከወረድኩ ማን ይመልሰኛል? በየቀኑ ሰው ላስቸግር?» ትላለች። ኡራኤል ቀረ። ማኅበሯ ቀረ። ስደውልላት ስለ መስኮቱ ብቻ ነው የምታወራኝ፤ ከላይ ሆና ሰው እንዴት ትንሽ ትንሽ እንደሚመስል። ካዛንቺስ በሩ ላይ ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ የምትስም ሴት ነበረች።

ከመሬት የማነሳው ብረት እማዬን ከነጋቢዋ ይመዝናል። ባነሳሁት ቁጥር እሷን ነበር የማስበው። አዝዬ አውርጄ፣ ኡራኤል ደጅ አድርሼ፣ አዝዬ ልመልሳት እችላለሁ። ችግሩ እኔ በርገን ነኝ፤ ከወጣሁ ደግሞ መመለስ የለም።

አንድ ቀን ጋሽ ኦላቭ ለረጅም ጊዜ ሲመኙት የነበረውን ክብደት ሊያነሱ ሆነ። ሰው ሁሉ ከቧቸው ይጮኻል። ብረቱ ከመሬት ተነሳ፣ ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ፣ እግራቸው ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌ ከሸክም ጋር ሲታገል ቆሜ ልይ? የማን ልጅ ሆኜ? ዘልዬ በአንድ በኩል ያዝኩላቸውና ብድግ አደረግነው!

ጋሽ ኦላቭ ብረቱን ለቀቁና አዩኝ። «ምን አደረግሽ?» አሉ በቀስታ።

«አገዝኩዎት።»

«ሰው ከነካው አይቆጠርም እኮ አሁን።»

ወደ ቤት ስንሄድ ጥለውኝ ፊት ፊት ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ፣ «ጋሽ ኦላቭ፣ እኛ አገር ሸክም የያዘ ሰው ታይቶ አይታለፍም። ታዲያ ዝም ብዬ ልቁም?» አልኳቸው።

«ማን ዝም በይ አለሽ? አጠገቤ ቁሚና ጩኺ። እሱ ቀላል ይመስልሻል?»

ይሄኔ ሳላስበው የእማዬን ነገር ዘረገፍኩላቸው፤ ፎቁን፣ ጉልበቷን፣ ሄጄ ላነሳት አለመቻሌን። ዝናቡ እየወረደብን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ወንበር አላት?» አሉኝ።

«አላት።»

«እንግዲያው ከወንበሩ ትጀምር።»

በነጋታው ሰብለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ በቪዲዮ ተገናኘን። እማዬን ከወንበር ተነሺ ተቀመጪ፣ ተነሺ ተቀመጪ ማለት ጀመርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ወታደር ልታደርጊኝ ነው?»

«ስግደት በይው እማዬ።»

«ያለ ጸሎት ስግደት አለ?» አለችና በተነሳች ቁጥር «ኪርያላይሶን» ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ በርገን ላይ ቆሜ «አይዞሽ! ጎሽ! አንድ ጨምሪ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ጩኸቴን ሰምተው ጋሽ ኦላቭ መጡና በትከሻዬ ላይ አጮልቀው፣ «ብራ! ብራ!» አሉ።

«ምን ይላሉ ሽማግሌው?» አለች እማዬ።

«ጎበዝ ነሽ እያሉሽ ነው።»

«ነሽ? አንቱ አይሉም?»

«እዚህ አገር አንቱ የለም እማዬ።»

«ያሳዝናሉ» አለችና ቀጠለች።

ወራት ሄዱ። እያጉረመረመች፣ እያማረረች፣ አንዳንድ ቀን ስልኩን ዘግታብኝም ቢሆን ሠራች። ከዚያ ከሰብለ ጋር አንድ ፎቅ ወርዶ መመለስ መጣ፣ ቀጥሎ ሁለት። ያን ሰሞን ከወረቀቴ ይልቅ የማስበው የጀሞን ደረጃ ነበር።

አንድ ቀን ልምምድ ጨርሼ ስልኬን ሳነሳ ሰብለ ደጋግማ ደውላለች። መልሼ ደወልኩ።

«እማዬ ቤት የለችም!» አለችኝ እያለቀሰች። «ከሥራ ስመለስ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉን ጎረቤት ሰጥታ ሄዳለች። ደረጃውን ሁሉ አየሁት፣ የለችም። ስልኳን አታነሳም።»

ምን አባቴ ብዬ ነው አሮጊት ደረጃ ላይ የማንከራትተው? ወድቃ ቢሆንስ? ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኦላቭ አጠገቤ ተቀመጡ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደወልኩ፣ አታነሳም። ሰውም ልብሱን ቀይሮ አልሄደም፣ ዙሪያዬን ቆመ።

በመጨረሻ ተነሳ። ጫጫታ ነው የሰማሁት፤ ሳህን፣ ሳቅ፣ «ጨምሩላቸው እንጂ!» የሚል ሰው።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ካዛንቺስ ነኝ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀች። «ዛሬ ኡራኤል አይደል? ማኅበሬ ነው። እግዜር ይስጠውና ያልፈረሰ ግቢ አለ።»

«ማን አወረደሽ?»

«እግሬ ነዋ! ቀስ፣ ኪርያላይሶን፣ ቀስ፣ ኪርያላይሶን፣ ወረድኩት። ሁለት ታክሲ ቀይሬ መጣሁ።»

«ለሰብለ አትነግሪያትም? ልጅቷን እኮ በድንጋጤ ገደልሻት! መመለሻውስ? ያንን ሁሉ ፎቅ?»

«ቀስ እያልኩ እወጣዋለኋ። ደግሞ ለመውጣት ምን አስቸኮለኝ? ዛሬ እዚህ አድራለሁ።»

ስልኩ ከሰው ሰው ዞረ። ድምፃቸውን የረሳሁት የመሰለኝ ሁሉ አናገሩኝ፤ ፈርሶባቸው የካ አባዶ የገቡት፣ ገላን የገቡት፣ ሁሉም ለማኅበሩ ከየሄዱበት መጥተዋል። አንዷ አልቅሳ፣ አንዷ ተሳድባ፣ አንዷ «ወፈርሽ ወይ?» ብላ፣ ተመልሶ እማዬ ጋ ደረሰ። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ለጋሽ ኦላቭ በጣቴ ደህና ናት የሚል ምልክት ሰጠኋቸው። አዳራሹ በአንዴ በጭብጨባ ተሞላ።

«ምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አለችኝ እማዬ።

«ላንቺ ነው።»

ከኋላዋ ጸሎት ሊጀመር ወንበር ሲንጓጓ ይሰማኛል።

«እኔስ ደረስኩ» አለችኝ። «ሁላችንም እዚህ ነን። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

የወረቀቴ ውሳኔ ገና ነው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።

«እየመጣሁ ነው እማዬ» አልኳት።