ሰው ፊት የሚዋጥ ክኒን

አክስቴን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሉፐስ ነበረባት፤ የሰውነት መከላከያ መልሶ የገዛ ባለቤቱን የሚያጠቃበት በሽታ። አማን ከተማ ያለው ሐኪም እኔ ባለሁበት፣ "እማማ፣ ሰልፋ ያለበት መድኃኒት በሽታውን ይቀሰቅስብዎታል። እኔን ሳይጠይቁ ምንም እንዳይውጡ" ብሏት ነበር። እሷም "እሺ ልጄ" ብላ መርቃው ወጣች።

ምን ዋጋ አለው! ሚዛን ከተማ ውስጥ በእኛ ሰፈር በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ከሙዙና ከአናናሱ ጋር ለራሱ ታዝዞለት የተረፈውን ክኒን ይዞ ይመጣል። ከቴፒ የሚመጣው ዘመድ ሳይቀር! አክስቴ ደግሞ እዚያው ሰው ፊት ካልዋጠችው የናቀችው ይመስላታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘሪቱ "እኔን አድኖኛል" ብላ የሰጠቻትን ስትውጥ ደረስኩ። ማሸጊያውን ባየው ሰልፋ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ቀላ፤ ጣቶቿ አብጠው የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ስጮኽባት፣ "ታዲያ የያዘችውን ይዛ ትመለስ?" አለችኝ።

ያ ክኒን ገደላት አልልም፤ ኩላሊቷ ቀድሞም ተጎድቶ ነበር። ግን ስንቴ ለመንኳት!

ለቅሶው ላይ ሰው ካልተቀመጠበት የአክስቴ የእንጨት ዱካ አጠገብ ራሴን አስሬ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ዘሪቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጣችና መዳፌ ላይ ክኒን አስቀመጠች።

"ለራስ ምታትሽ ነው፣ ልጄ።"

እስክውጠው ቆማ ጠበቀች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ክኒኑን ከተትኩበት።