ጭስ የተከለከለው ቤት

ንጋት 12 ሰዓት፣ አስኮ መናኸሪያ። ረዳቱ «አምቦ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ግን ገና ግማሽ አልሞላም። ከመነሻዬ ግራ ገባኝ። የምሄደው ጡረታ ወደወጡት መምህር ኦቦ ፈይሳ ነው። ቅድመ አያታቸው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የገበሬ ቤት «ሳይወድቅብኝ ድረስና ፎቶ አንሳልኝ» ብለውኛል።

ረፋድ፣ ጊንጪ። ሻይና ትኩስ ፓስቲ። ጭቃ፣ ጋሪ፣ አረንጓዴ የጤፍ ማሳ።

ቀትር፣ አምቦ። በባጃጅ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ኮረብታው ላይ ክብ የሣር ቤት አየሁ፤ ክዳኑ ዙሪያውን ይጨሳል።

«ኧረ ቤቱ ተቃጠለ! ንዳው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ።

ባለባጃጁ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ፣ የሣር ቤት እንደዚህ ነው የሚጨሰው። ምድጃ አንድደው ነው።»

አፈርኩ። በሩ ላይ ግን የሚስቅ የለም፤ ኦቦ ፈይሳ የውሃ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«አካም ጅርታ? ና ግባ። እናቴ እንቢ አሉኝ!»

አምና ቤቱን ያዩ ባለሙያዎች «ቅርስ ነው፣ እሳት አይንደድበት» አሏቸው። እሳቸውም ቤተሰቡን ወደ ቆርቆሮ ቤት አዛውረው ይህን ቆለፉት። ዛሬ እናታቸው አዴ ጫልቱ ቁልፉን ሰብረው ምድጃውን አነደዱ።

ውስጡ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ወፍራም የጥድ ምሰሶ፣ በአንድ ወገን የከብት ጋጣ፣ በሌላው መደብ። ቀና ስል የእንጨት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አየህ ልጄ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጭስ ሲያጣ ነቀዝ በላው።»

ኦቦ ፈይሳ ደግሞ ድሮ ፍንጣሪ ያጠቆረውን ማገር አሳዩኝ። «አንድ ቀን ሙልጭ ብሎ ቢነድስ? እስቲ አንተ ፍረደን!»

ምን ብዬ ልፍረድ? ወደፊት ቢሉ ገደል፣ ወደኋላ ቢሉ ገደል። «እኔንጃ» አልኩ። ለዚህ ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት!

ኦቦ ፈይሳ ወጡ። ትንሽ ቆይተው ከቆርቆሮው ቤት ፍራሻቸውን ተሸክመው ተመለሱና ከጀሪካኑ አጠገብ ዘረጉት።

«እሳቸው ያንድዱ፣ እኔ እዚሁ እያደርኩ እጠብቃለሁ።»

አዴ ጫልቱ ምድጃው ላይ አንድ ፍልጥ ጨመሩ።

አመሻሽ፣ የመልስ ሚኒባስ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ይዛ ዞር ዞር አለች።

«ኧረ ሹፌር፣ የሚቃጠል ነገር አለ!»

«ጃኬቴ ነው፣ እህቴ፤ አትደንግጪ» አልኳት። «ቤቱ ደህና ነው። ሰው ገብቶበታል።»

«የምን ቤት?» አለች ግራ ገብቷት።